ሞላላዋ ኳስና የካርቱሙ ልጅ

የአውስትራሊያ እግር ኳስ ከእኛው ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ኳሷም ሜዳውም ሞላላ ናቸው፤ በየወገኑ 18 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ኳሷ በእግር ትለጋለች፣ በእጅም ትቀለባለች። ደንቡ በሜልበርን የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ለልጁ ሲያወርሰው ኖሯል።

በካርቱም ግን ማን ያውቀውና ያወርሰዋል? ማጃክ ዳው በዚያች ከተማ በ1991 ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ በ2003ም ሜልበርን ገባ። ልጁ ሞላላዋን ኳስ የለመደው ከዚያ በኋላ ነው። በ2009 መጨረሻ፣ ኖርዝ ሜልበርን የተባለው ታላቅ ክለብ በጀማሪዎች ምርጫ ስሙን ጠራ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ የሚመስለው ይኖራል። እኔን የሚይዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው… መመረጥ መሰለፍ አይደለምና! ማጃክ ከሦስት ዓመት በላይ ዋናውን ቡድን ሲጠብቅ፣ በታችኛው ሊግ በዌሪቢ ማልያ ተጫወተ። በ2011 ከተመልካች መካከል የዘር ስድብ ወረደበት። ከባንክ መስኮት ወዲህ ተቀምጬ የሰው ወረፋ ሳይ የምውል ነኝና፣ መጠበቅ ፊትን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። በስድብ መካከል ቆሞ መጠበቅ ግን ሌላ ነው።

በሚያዝያ 2013 ከብሪዝበን ጋር በተደረገው ግጥሚያ ተራው ደረሰ። የመጀመሪያዋን ኳስ ለጋ፤ ጎል ሆነች። በሱዳን ተወልዶ በዚያ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ሆነ።

ከእርሱ በኋላ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች የተወለደው ቻንግኩዎት ጂያት የሆውቶርንን ማልያ ለብሷል።