እናቶች በሸመኑት ልብስ የተማሩ ልጆች፦ የቤርያ ኮሌጅ ታሪክ



በስብሰባዎቻችን ደጋግመን የምናነሳው ጥያቄ አለ፦ የተቸገረ ሰው ክብሩ ሳይነካ እንዴት ይረዳል? ሁሉን በነጻ ብንሰጥ ጠባቂነትን እናስለምዳለን ብለን እንሰጋለን። ክፈሉ ብንል ደግሞ የሌላት እኅት ደጅ ላይ ትቀራለች። ይህን ጥያቄ ከእኛ ብዙ ዘመን በፊት በተግባር ለመመለስ የጣረ አንድ ትንሽ ክርስቲያናዊ ኮሌጅ በአሜሪካ፣ በኬንተኪ ግዛት ይገኛል። ስሙ በሐዋርያት ሥራ ከተጠቀሰችው ከቤርያ ከተማ የተወሰደ ነው። ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሥራቹ ጆን ፊ የተባለ ሰባኪ ነበር። አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ፤ እርሱ ግን ባርነት ከወንጌል ጋር አይሄድም በማለቱ ከአባቱ ጋር ተለያየ፣ ውርሱንም አጣ። በ1855 አንድ ክፍል ብቻ ያላት ትምህርት ቤት ተከፈተች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያንም ሆና ታገለግል ነበር። በ1859 መጨረሻ ግን መሣሪያ የታጠቁ የባርነት ደጋፊዎች መጥተው የፊን ባልደረቦች በ10 ቀን ውስጥ አገሩን እንዲለቁ አዘዟቸው። ሴቱም ሕፃኑም በብርድ ወቅት ተሰደደ።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ሥራውን ቀጠሉ። በ1866 ከ187ቱ ተማሪዎች 96ቱ ጥቁሮች፣ 91ዱ ነጮች ነበሩ። ባርነት በቀረ ማግስት፣ ወንድና ሴት፣ ጥቁርና ነጭ አብረው መማራቸው በደቡቡ ክፍል ያልተለመደ ነገር ነበር።

ኮሌጁ ከ1892 ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው ለጋሾች ከሰጡት ቋሚ ገንዘብ ትርፍ ነው፤ ዋናው ሳይነካ ለሚቀጥለው ትውልድ ይቆያል። ተማሪው ደግሞ ቋንቋውን፣ ታሪኩንና ሳይንሱን እየተማረ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። አንዱ ወጥ ቤት፣ ሌላው እርሻ ላይ፣ ሌላው ቢሮ ውስጥ፣ ሌላው በሽመና ወይም በመጥረጊያ ሥራ ይሰማራል። ሥራው የሁሉም ግዴታ ስለሆነ አንዱ በሌላው ፊት አያፍርም።

የእናቶቹ ድርሻ ግን ይበልጥ ልባችንን ነክቶታል። ዊልያም ፍሮስት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን በተራራማው አካባቢ የሚኖሩ ሴቶች በእጃቸው የሸመኑትን የአልጋ ልብስ እያመጡ ለልጆቻቸው ትምህርት ወጪ ያውሉት ነበር። ኮሌጁም ገበያ ፈለገላቸው። ፈትል ሸጣ ልጇን ለምታስተምር የእኛ አገር እናት ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንባትም።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። በዚያው ዘመን ኮሌጁ ፊቱን ይበልጥ ወደ ተራራው ድሆች ነጮች በማዞሩ የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ቀነሰ። በ1904 ደግሞ የኬንተኪ ግዛት ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ኮሌጁ ተከራከረ፤ በ1908 ግን በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። ከዳኞቹ መካከል ጆን ማርሻል ሃርላን የልዩነት ሐሳባቸውን በጽሑፍ አስፈሩ። ኮሌጁ ለጥቁሮች ሊንከን የተባለ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ረዳ። የራሱ በር ግን ሕጉ በ1950 እስኪሻሻል ድረስ ለ46 ዓመታት ተዘጋባቸው። በኋላ የጥቁሮችን ታሪክ ለዓለም ያስተዋወቀው ካርተር ዉድሰን ከቤርያ የተመረቀው በ1903፣ ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ነበር። ከእርሱ በኋላ በዚያ በር ሳይገቡ የቀሩትን ማን ይቆጥራቸዋል?

እኛ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ወስደናል። አንደኛው፣ ሁሉም እጁን ካስገባበት እርዳታ ማንንም አያሳንስም። አባላችን በመዋጮዋና በጉልበቷ፣ ደጋፊያችንም በስጦታው ለአንድ ሥራ ይቆማሉ። ሁለተኛውና ከባዱ፣ አንዱን ድሃ ስናቅፍ ሌላውን ሳናስበው ወደ ውጭ ልንገፋ እንችላለን። አዲስ አባላት በምንመዘግብበት ጊዜ ማን መጣ ብቻ ሳይሆን ማን ቀረች ብለንም እንጠይቅ፤ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋን፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅላ የመጣችውን፣ ዋስ የሚሆናት ዘመድ የሌላትን እናስብ። የተዘጋ በር መልሶ ለማስከፈት ዕድሜ ይጠይቃልና ከወዲሁ ክፍት አድርገን እንጠብቀው።