የትምባሆ ቁጥጥር በኢትዮጵያ

የትምባሆ ቁጥጥር በኢትዮጵያ የትምባሆን ሽያጭ፣ ማስታወቂያና አጠቃቀም በሕግ፣ በታክስና በትምህርት በመገደብ በጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ የሚከናወን ሥራ ነው። ዋናው ሕግ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን፣ አፈጻጸሙን በበላይነት የሚከታተለው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ታሪክ

በሰሜን ኢትዮጵያ ትምባሆ ለረጅም ጊዜ በሃይማኖት የተነቀፈ ነበር። አፄ ዮሐንስ ፬ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ማጨስንና ሱረት መሳብን በአዋጅ ከልክለው አጥፊዎችን በከባድ ቅጣት ይቀጡ ነበር። በሌላ በኩል በደቡብና በምዕራብ አንዳንድ አካባቢዎች ትምባሆን በጋያ ማጨስ የቆየ ልማድ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት የትምባሆን ንግድ በሞኖፖል ያዘ፤ «ኒያላ»ን የመሳሰሉ ሲጋራዎችም በመንግሥት ድርጅት ሲመረቱ ቆዩ።

የተጠቃሚዎች ብዛት

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን 5.0 በመቶው ትምባሆ ይጠቀማሉ። ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ነው። መጠኑ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ የቁጥጥሩ ዋና ዓላማ አጫሾች እንዲያቆሙ ማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ አብዛኛው የአገሪቱ ሕዝብ የሆነው ወጣት ማጨስ እንዳይጀምር መከላከል ነው። ጫት በሚቃምበት ቦታ ሲጋራ አብሮ መጨሱም ወጣቶችን ለሱሱ ከሚያጋልጡት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሕጉ

የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 ጸድቆ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ተቀብላለች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የሚከተሉትን ደነገገ፦

* በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ውስጥ እንዲሁም ከበርና ከመስኮታቸው በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው፤
* ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ አይሸጥም፤
* ሲጋራ በነጠላ መሸጥ አይፈቀድም፤
* ማንኛውም የትምባሆ ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ክልክል ነው፤
* የፓኬቱን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሸፍን በሥዕል የተደገፈ የጤና ማስጠንቀቂያ ይኖረዋል፤
* ሺሻ፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ልዩ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ አይሸጡም።

ታክስ

የሲጋራ ዋጋ ሲጨምር በተለይ ወጣቶችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚገዙት መጠን ይቀንሳል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በፋብሪካ ዋጋ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም 20 ፍሬ በሚይዝ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 8 ብር ጣለ። በብር የተቆረጠ ታክስ ግን ከዋጋ ንረት ጋር እየታየ ካልተስተካከለ፣ ሲጋራው በጊዜ ሂደት መልሶ ይረክሳል።

ፈተናዎች

ሱቆችና ጀብሎዎች ሲጋራ በፍሬ መሸጣቸው የሕጉን ሁለት መሣሪያዎች ያዳክማል። ሥዕላዊው ማስጠንቀቂያ ገዢው ዘንድ አይደርስም፤ የፓኬቱን ዋጋ መክፈል የማይችል ታዳጊም በጥቂት ብር መግዛት ይችላል። በኮንትሮባንድ የሚገባ ሲጋራም ታክስ ስለማይከፈልበት ይረክሳል፤ የአገሪቱን ማስጠንቀቂያም አይይዝም።

ሌላው ፈተና የገቢ ጥያቄ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለጃፓን ቶባኮ ሸጠ። በ2017 በተደረገ ተጨማሪ ሽያጭ የኩባንያው ድርሻ ወደ 71 በመቶ ገደማ ደረሰ። ስለዚህ ድርሻውን በያዘበት ጊዜ መንግሥት የሽያጩ ተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆን የትርፉም ተካፋይ ነበር። ማዕቀፍ ስምምነቱ በአንቀጽ 5.3 የጤና ፖሊሲ ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠበቅ የሚያዝዘው እንዲህ ያለውን የጥቅም ግጭት ለመከላከል ነው።