ሁለት ዐይን የተሣለለት ገበሬ

የቀድሞው ዜና መዋዕላችን የነገሥታቱን ዘመቻና የመኳንንቱን ሹመት ሽረት በትጋት ሲመዘግብ፣ በማለዳ ተነሥታ እንዝርቷን ስለምታሾር ሴት፣ ሞፈሩን በትከሻው ተሸክሞ በሬዎቹን እየነዳ ወደ እርሻው ስለሚወርድ ገበሬ እምብዛም የሚለን ነገር የለም፤ ጸሐፊው ያለፈውን ይህን ሰው በቅዱሳን ታሪክ አስጠግቶ ያቆየልን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው።

በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት እንደምናየው፣ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ የመቅደሱን ዙሪያ ግድግዳ የሚመለከት ምእመን በመንፈሳዊው ታሪክ ውስጥ የገዛ ቤቱን ዕቃ ያገኛል። እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል መልአኩ ገብርኤል እንዳበሠራት ትውፊት ይናገራልና፣ ሠዓሊው ይህን ብሥራት በሣለ ጊዜ በእጇ ያስያዛት የአገሩ ሴት በየደጃፏ የምታሾረውን እንዝርት ነው፤ የቃና ዘገሊላውንም ሠርግ ሲሥል ጋኑንና እንስራውን ከጎረቤቱ ድግስ ወሰደ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስንም በነጭ ፈረስ ሲያስቀምጠው፣ እንደ አገሩ ፈረሰኛ እርካቡን በእግሩ አውራ ጣት አስቆነጠጠው። ናዝሬትንና ቃናን በዐይኑ ያላየው ሠዓሊ የቅዱሳኑን ኑሮ የሚያስረዳበት ከወገኑ ኑሮ ሌላ ምሳሌ አልነበረውምና፣ እጁ የሠራው በፍቅር ያወቀውን ነው።

ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የጸና አንድ ሥርዓት ነበረው፤ ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለት ዐይናቸው ተገልጦ ሲሣሉ፣ አይሁድና አጋንንት፣ ከሓድያንም ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው ባንድ ዐይን ይሣሉ ነበር። ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ የዐድዋ ድል በተሣለ ጊዜም ይኸው ሥርዓት ወደ ጦር ሜዳው ወርዶ፣ የኢትዮጵያን ሠራዊት በሙሉ ፊት፣ ጠላትን በጎን አሳየ።

ከድሉ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና ነጋዴዎች በአዲስ አበባ ሲበዙ፣ የአገሩን ሥዕል ለማስታወሻ ይዘው መመለስ ወደዱ፤ ስለዚህም በቤተ ክህነት ጥበብ ያደጉት ሠዓልያን ብሩሻቸውን ከመቅደሱ ግድግዳ ወደ ሸራ አሻግረው፣ ከንግሥተ ሳባ ታሪክ ጎን ገበያውንና ሠርጉን፣ አውድማውንና አደኑን፣ ጠጅ አሳላፊው ብርሌ ይዞ የሚመላለስበትን፣ አዝማሪው መሰንቆውን የሚገዘግዝበትን የግብር አዳራሽ ይሥሉ ጀመር። በቅዱሳን ጥግ በእንግድነት የኖረው ተራ ሰው ያን ጊዜ የሥዕሉ ባለቤት ሆነ።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ ካቋቋሙ ወዲህ ወጣቶቻችን ጥላና ብርሃንን፣ ቅርብና ሩቅን ለይተው መሣልን በትምህርት አግኝተዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሕዝብን ኑሮ መሣል ከባሕር ማዶ የመጣልን ነው የሚል ቢኖር፣ እነዚያን የገበያና የአውድማ ሥዕሎች ቀረብ ብሎ ይመልከት። ሠዓሊው በሬ የሚነዳውን ገበሬና እንስራ ያዘለችውን ሴት ባንድ ዐይን ሊያሳልፋቸው ሲችል፣ ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሶ፣ ለጻድቃን ይሰጥ የነበረውን ሁለት ዐይን ሰጥቷቸዋል።