ወይን፣ ደቦና ርስት፤ በስሜን ግርጌ የወይን እርሻ ድካምና ዋጋ

የአገራችን ሰው አየሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ሲከፍል መካከለኛውን ክፍል በወይን ስም መጥራቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ደባርቅና ዳባት ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ደጋዎች በመሆናቸው ለወይን አይስማሙም። ነገር ግን ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ወይና ደጋውን አልፎ ቆላ ይገባል። እንግዲህ በግርጌው አገር ወይንን ለንግድ መትከልን የሚያከብደው ከአየሩ ይልቅ የጉልበትና የገንዘብ ነገር ነው።

የደጋው ገበሬ ኑሮ በገብስ ላይ የቆመ ነው። ገብስ በክረምት ተዘርቶ በዚያው የመኸር ወራት ለጎተራ ይደርሳል። አጨዳው ብዙ እጅ ለጥቂት ቀን ስለሚሻ ባለ እርሻው ደቦ ጠርቶ በእንጀራና በጠላ ይወጣዋል፤ ወይም በወንፈል ጉልበትን በጉልበት ይመልሳል። የወይን ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ተክሉ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። መግረዙ፣ ሐረጉን መደገፉ፣ በዝናብ ወራት ከሻጋታ መጠበቁ፣ ፍሬው ሲበስል ወፍ መከልከሉ ጥቂት የሠለጠኑ እጆችን ዓመቱን ሙሉ ይጠይቃል። አላዋቂ የገረዘው ሐረግ የከርሞውን ፍሬ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ደቦ አይበቃውም፤ ደመወዝተኛ ያስፈልገዋል። ደመወዙም የሚከፈለው ገቢ ከመታየቱ አስቀድሞ ነው።

የርስት ሥርዓትም ነገሩን ያከብደው ነበር። ርስት ባለቤቱን ከመነቀል ይጠብቀዋል፤ ይሁን እንጂ በአባትም በእናትም የሚቆጠር ዘመድ ድርሻዬን ብሎ ሊነሣ ይችል ስለ ነበር ለዘላቂ ተክል ወሰኑ አስተማማኝ አልነበረም።

ገበያውም ጠባብ ነበር። ማዕዱን የያዙት ጠላና ጠጅ ናቸው፤ ማርም ቀፎ ለሰቀለ ሰው የሦስት ዓመት ደመወዝ ሳያስወጣ ይገኛል። ለቅዳሴ የሚፈለገው ጥቂት ሲሆን፣ እርሱም ከዘቢብ ይዘጋጅ ነበር፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎታል። ዘቢብ በከረጢት ተጭኖ ሩቅ ይሄዳል፤ በገንቦ የተቀዳ ወይን ግን እንደ ሊማሊሞ ያለውን የበቅሎ መንገድ በቀላሉ አይችልም። በ19ኛው መቶ ዓመት በወይኗ የታወቀችው ይፋግም ከጣና ሐይቅ አቅራቢያ፣ ለጎንደር ገበያ በሚመች መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ነበረች።

የኋለኛው ዘመን ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዝዋይ ከመቶ ሄክታር በላይ መሬት ላይ ወይን መትከል ጀመረ፤ ጠርሙሱ ለገበያ የቀረበው በ2014 ነበር። ሰፊ መሬት በአንድ እጅ መያዙ፣ ሠራተኛው በደመወዝ መቀጠሩና የከተማ ገበያ መኖሩ ሦስቱን መሰናክሎች አቃለሉ፤ ይህም ሁሉ ሆኖ ገቢውን ለዓመታት መጠበቅ ግድ ሆኗል።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆን የርስት ሥርዓት አበቃ፤ የወይን ተክል ግን ዕድሜውን አላሳጠረም። በስሜን ግርጌ ወይንን ለንግድ ለመትከል የሚያስብ ሁሉ ስለ አፈሩ ከመጠየቁ በፊት፣ ማሳው ጠባብ የሆነ ገበሬ የእነዚያን ዓመታት ደመወዝ ከምን እንደሚከፍል መመለስ ይኖርበታል።