የጤና ሥርዓቶች ንጽጽር

የጤና ሥርዓቶች ንጽጽር የተለያዩ አገሮች ለሕዝባቸው ሕክምና የሚያቀርቡበትን፣ ገንዘቡን የሚያሰባስቡበትንና ወጪውን የሚከፋፈሉበትን መንገድ ጎን ለጎን አድርጎ የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «የየትኛው አገር ሕክምና ይበልጣል?» የሚለው ቢሆንም፣ ልዩነቱን ይበልጥ የሚያሳየው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው? የሚከፈለውስ ሰው ከመታመሙ በፊት ነው ወይስ ታሞ ካርድ ሊያወጣ በተሰለፈበት ሰዓት?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት 191 አባል አገሮችን በደረጃ አስቀምጦ ነበር። ፈረንሳይ 1ኛ፣ አሜሪካ 37ኛ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 180ኛ ሆነው ተመዘገቡ። ይሁንና የብዙ አገሮች መረጃ በግምት የተሞላ ስለነበር ደረጃው ብርቱ ትችት ቀርቦበታል፤ ድርጅቱም ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ዝርዝር አላወጣም።

ዋና ዋና ዓይነቶች

በሕግ የተደነገገ የጤና መድን በአገር ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን፣ በኦቶ ፎን ቢስማርክ መንግሥት ዘመን ነው። ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ ተቀንሶ ለሕመም ፈንድ ያዋጣሉ፤ ፈንዱም ለሐኪምና ለሆስፒታል ይከፍላል። የብሪታንያ መንገድ ከዚህ ይለያል። በዊልያም ቤቨሪጅ የ1942 ሪፖርት መነሻነት ሐምሌ 5 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በዋናነት የሚተዳደረው በግብር ሲሆን፣ በሽተኛው ለምርመራና ለሆስፒታል ሕክምና በቦታው አይከፍልም። ካናዳ የሁለቱ ቅይጥ ናት ሊባል ይችላል፤ ገንዘቡ ከግብር ይመጣል፣ ሐኪሞቹ ግን በአብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪዎች አይደሉም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ለአረጋውያን ሜዲኬርን፣ ለድሆች ደግሞ ሜዲኬይድን አቋቁማለች። ከሠራተኛው ሕዝብ አብዛኛው መድን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ስለሆነ፣ ሥራውን የለቀቀ ሰው መድኑንም ሊያጣ ይችላል። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሥራ ሲያማርጡ ከደመወዙ እኩል «መድን አለው ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ያለው በሽተኛው በየጊዜው ከኪሱ የሚከፍልበት አሠራር ነው። በብዙ ድሃ አገሮች ሰፊውን ቦታ የያዘ ቢሆንም ማንም መንግሥት ሥርዓቴ ብሎ አይጠራውም።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ሥርዓት ቅይጥ ነው። የ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ የጤና ሒሳብ እንደሚያሳየው ከጠቅላላው የጤና ወጪ መንግሥት፣ የውጭ ረጂዎችና ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ሲሶ ገደማ ይሸፍኑ ነበር። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነፃ ይሰጣሉ። ሌላው በክፍያ ነው።

አገሪቱ በውጭ ይበልጥ የምትታወቀው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ በአብዛኛው ሁለት ሴት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ በጠቅላላው ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማርተዋል። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። ፕሮግራሙ መከላከልን ያስቀድማል፤ ቀዶ ጥገና ለሚያስፈልገው ሰው ወጪ ግን መልስ አይሰጥም።

ለዚህ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከትግራይ የተመረጡት ክልተ አውላዕሎ፣ አሕፈሮምና ታሕታይ አድያቦ ነበሩ። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ይህም የታመመውን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኛውን የማስቀረት ልማድን ይገታል። የፌዴራል መንግሥት መዋጮውን ይደጉማል፤ መክፈል የማይችሉትን ደግሞ ክልልና ወረዳ ይሸፍኑላቸዋል። አባሉ በጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ በሙከራው ደንብ መሠረት ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል ግማሹን ወጪ ራሱ ይችላል። አሠራሩ ከእድር ጋር ስለሚመሳሰል ለማስረዳት አልከበደም፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መድኃኒት ከተቋሙ ሲጠፋ አባሉ የግል መድኃኒት ቤት ሄዶ ከኪሱ ይገዛል፣ በዓመቱም ለማደስ ያመነታል።

ለደመወዝተኞች የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢደነገግም ተግባራዊነቱ ለዓመታት ተጓትቷል። በመሆኑም ጀርመን ከፋብሪካ ሠራተኛ ስትጀምር ኢትዮጵያ ከገበሬው ጀመረች ማለት ይቻላል።

ሩዋንዳና ጋና

ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ «ጥሬ ገንዘብ አምጣና ታከም» የሚባለውን አሠራር በብሔራዊ መድን ተካች። ዋናው ገቢ በተጨማሪ እሴት ታክስ መልክ ከሚሰበሰብ 2.5 በመቶ ቀረጥ የሚገኝ ስለሆነ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ያዋጣል።

ሩዋንዳ ከኢትዮጵያ ጋር ይበልጥ ትቀራረባለች። ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የዘር ጭፍጨፋ በኋላ በተቋማት ክፍያ ሲመለስ የታካሚው ቁጥር አሽቆለቆለ። በ1999 በሦስት አውራጃዎች የጋራ መድን ተሞከረ፤ ኋላም አባልነት በሕግ ግዴታ ሆነ፣ መዋጮውም እንደ ቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ተመደበ። ዛሬ ከሕዝቡ ከ80 በመቶ በላይ መድን አለው። ከኢትዮጵያ የሚለያት ዋናው ነገር ግዴታነቱ ነው፤ በፈቃድ በሚገባበት መድን ጤነኛው ሲቀር ፈንዱ የሕሙማን ብቻ ይሆናል።

መቐለና ጦርነቱ

በመቐለ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው የሪፈር መንገዱ በመደበኛ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ወደሆነው ዓይደር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያመራል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ይህ ሰንሰለት ተበጠሰ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው፣ በአግባቡ ሲሠሩ የተገኙት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኋላም ባንክ ተዘጋ፣ በጀት ተቋረጠ፣ የዓይደር ሠራተኞች ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠሩ።

ይህ በንጽጽር ጥናቶች ብዙም የማይነሣ ነገር ያሳያል። በግብርም ሆነ በመዋጮ የሚተዳደር ሥርዓት የሚሠራው ገንዘቡን የሚያስተላልፍ ተቋም እስካለ ድረስ ነው። ባንክ በተዘጋበት ከተማ መድን ያለውና የሌለው በሽተኛ ልዩነት አልነበራቸውም፤ ለሁለቱም የጎደለው ኢንሱሊን፣ የእጥበት ፈሳሽና ኦክስጅን ነበር። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ተቋማት ቀስ በቀስ ሥራ ሲጀምሩ የመድን አባላት ምዝገባም በብዙ ቦታ እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት፤ መዋጮ የሚጠየቀው ቤተሰብ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው አልነበረም፤ ከብቱንና የቆጠበውን ያጣ ብዙ ነበር።