የፌጦ ለጋ ቡቃያ
ከጎመንና ሰናፍጭ ወገን የሆነው ፌጦ በጓሮ ወይም በመስኮት ሥር ተዘርቶ፣ ገና በለጋነቱ ተቆርጦ በጥሬው የሚበላ አትክልት ነው። በኢትዮጵያ ፍሬው በመድኃኒትነት ይታወቃል፤ የሚያቃጥል ጣዕም ያለው ቅጠሉ ግን ያለአግባብ ተዘንግቷል።

በኬሚካል ያልተለወሰ ዘር ይመረጣል። ውሃ ሲነካው ስለሚዝለገለግ አይዘፈዘፍም፤ በደንብ በበሰለ ኮምፖስት ላይ ሳሳ ተደርጎ ይበተናል እንጂ አፈር አይለብስም። ትኩስ ፍግ በጥሬው ለሚበላ ነገር ፈጽሞ አይሆንም። በ2 ወይም በ3 ቀን ይበቅላል፤ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በመቀስ ይቆረጣል።

ሥሩ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ውሃ ሲረጭበት ከጠፋ የሥር ጸጉር ነው፤ ድር መስሎ ግንዱ ላይ ከወጣና ከሸተተ ግን ሻጋታ ነውና ይጣላል።