ስለ ወላይታ ገበያና ስለ ሻጩ ታማኝነት

ሶዶ በዳሞት ተራራ ግርጌ ተቆርቁራ የአስተዳደር መቀመጫ ከመሆኗ በፊት፣ ወላይታም ገና ካዎ በሚባሉት ነገሥታቱ ሥር ራሱን ያስተዳድር በነበረበት ዘመን፣ ሕዝቡ በጥጥ ልብሱ፣ በቅቤውና በሰንጋው ሲገበያይ ከብረት የተቀጠቀጠውን ማርጩዋ እንደ ገንዘብ ይቀበል ነበር። በዚያ ገበያ ደረሰኝ የሚሰጥ፣ ውል የሚጽፍም አልነበረም፤ የሻጩ ዋስ ራሱ ሻጩ ነበር፤ ዛሬ ያታለለ ሰው በሚመጣው የገበያ ቀን በዚያው ስፍራ፣ በእነዚያው ገዢዎች ፊት መቀመጡ አይቀርለትምና።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በሸክላ ሻጯ ዘንድ ነው። ገዢዋ እንስራውን አንሥታ፣ አፉን ወደ ፀሐይ አዙራ ስንጥቅ ትፈልጋለች፤ ቀጥላም በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ታዳምጣለች፤ በደንብ የተተኮሰው ይጮኻል፣ የነቃው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሠሪዋም ሻጯም አንዲት ሴት ስለሆነች ጥፋቱን የምታላክክበት ሰው የላትም። ነገር ግን ጭናሻ የተባሉት እነዚህ ሸክላ ሠሪዎች፣ እንዲሁም ብረት ቀጥቃጮቹና ቆዳ ፋቂዎቹ፣ በተግባረ እድ አገሩን ሁሉ እያገለገሉ ከጋብቻና ከማዕድ ይገለሉ ነበር፤ የእጅን ሥራ አምኖ እየገዙ ባለ እጁን መናቅ ደግሞ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የገዢው ነውር ነው።

በቅቤ ላይ ፈተናው ይጠናል። በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው ቅቤ ውስጡ አይታይምና፣ ገዢው ስንጥር ሰክቶ ያወጣል፣ ያሸታል፣ በእጁ ጀርባም ላይ ያሻል፤ ደንበኛዋን የምታከብር ሻጭ ግን ሳትጠየቅ ለጋውን ከበሰለው ለይታ ትናገራለች። እህል ሰፋሪዋም ጣሳውን ከሞላች በኋላ እፍኝ ምርቃት ትጨምራለች፤ ግርጌው ወደ ውስጥ በተቀጠቀጠ ጣሳ ሰፍሮ ምርቃት መስጠት ግን ከሰረቁት ላይ መመጽወት ነው። በመስከረም የሚውለው የዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲቃረብ ደግሞ ኃላፊነቱ ይከብዳል፤ ወንዶቹ ለሰንጋው፣ ሴቶቹ ለቅቤው አስቀድመው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉና፣ የታመመ በሬ ደብቆ የሸጠ ሰው በአንድ ቀን የሚያስቀይመው በአንድ ሥጋ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ጎረቤት በሙሉ ነው።

ይሁን እንጂ የስፍር ቅንነት ብቻውን ሻጭን ጻድቅ አያደርገውም። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወላይታን ወግተው ካዎ ጦናን በማረኩ ጊዜ ሠራዊቱን ተከትሎ የዘመተው ፈረንሳዊው የንግድ ወኪል ቫንደርሄይም፣ በኋላ በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ የዘመቻውን እልቂትና የምርኮውን ነገር ጽፏል፤ ለንግድ የመጣው ሰው ምስክር ሆኖ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ከብት ይሸጥ ነበር፤ ከደቡብ የተነዱት ባሮች እስከ ጅማው ሂርማታ ገበያ ይደርሱ ነበር። ከባሪያ ነጋዴዎቹም መካከል በዋጋው የማያጭበረብር፣ በቃሉ የሚጸና ሰው አልጠፋ ይሆናል፤ ንዋዩ ራሱ ኃጢአት ከሆነ ግን የሚዛኑ መቃናት ምን ይጠቅመዋል? ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ቀድሞ ዋስነቱ በልማድ ብቻ የነበረውን ሻጭ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት በሕግ ዋስ አደረገው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮም በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ ዋዱ የሚለው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ያቀርብ ጀመር። ይህ ዕቃ ለገበያው እንግዳ ነበር፤ ከሶዶ እስከ ቦዲቲ፣ ከአረካ እስከ ቢጠና በየገበያው እንስራ ሲቆረቁርና ቅቤ ሲያሸት የኖረ ገዢ፣ በጆንያ የታሰረውን የማዳበሪያ ፍሬ የሚመረምርበት ጥበብ አልነበረውም፤ ፍሬው መልካም መሆኑ የሚታወቀው አዝመራ ሲሰበሰብ ነውና። ስለዚህ ማዳበሪያ የሚያድል ሰው ከመለካት አልፎ ማስተማር፣ ለየትኛው መሬት ምን ያህል እንደሚበቃ መንገር፣ ከአቅም በላይ ለሚበደረውም «ይህ ይበዛብሃል» ማለት ግዴታው ሆነ፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ዕዳውን የሚጠየቀው ሻጩ ሳይሆን ገበሬው ነበርና።